የመካሪዎች ብዛትና የመንገደኛው ጭነት

ምክር መስጠት ቀላል፣ ምክር መቀበል ግን ከባድ ነው እየተባለ ሲነገር ይሰማል። ከሁለቱም የሚከብድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም እርስ በርሱ የሚጣላ ምክር ከብዙ ሰዎች አፍ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ከመካከሉ መርጦ መያዝ ነው። መካሪው ክፉ ሰው ቢሆን ምክሩን መተው አያስቸግርም፤ አላዋቂ ቢሆንም አመስግኖ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ቅንና ዐዋቂ ሰዎች፣ አንዱ «ይህን ካላደረግህ ትጠፋለህ»፣ ሁለተኛው «ይህን ካደረግህ ትጠፋለህ» ያሉት ሰው እንደ ምን ይሁን? የሁለቱንም ቃል አክብሮ ሁለቱንም መፈጸም አይችልም፤ ሁለቱንም ንቆ ቢተው ደግሞ ያለ መካሪ ይቀራል።

ይህን ጥያቄ በደፈናው ከማተት ይልቅ እጅ በሚዳስሰውና ሚዛን በሚመዝነው ነገር ላይ አሳርፎ መመርመር ይሻላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምሳሌ አድርገን የምንይዘው ለረጅምና ለአስቸጋሪ ጉዞ የሚሰናዳውን ፒክአፕ መኪና ነው።

ፒክአፕ ማለት ከፊቱ ለሰው ጋቢና፣ ከኋላው ክፍት የጭነት ሳጥን ያለው መኪና መሆኑን የማያውቅ የለም። ባገራችን ለእርሻ፣ ለመሥሪያ ቤትና ለንግድ ያገለግላል። በአውስትራሊያ፣ በደቡብ አፍሪካና በአሜሪካ ግን ይህንኑ መኪና ገዝተው፣ ከኋላው መኝታና ማድቤት ሠርተውለት፣ ውሃና ነዳጅ ጭነው ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት የሚጓዙበት ብዙ ሰዎች አሉ። ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ኬፕታውን፣ ከአላስካ ተነሥቶ እስከ አርጀንቲና ደቡብ ጫፍ የሚሄድ አለ። በአውስትራሊያ ምዕራብም ካኒንግ ስቶክ ሩት የሚባለው የቀድሞ የከብት መንጃ 1,850 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ እያቋረጠ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ መኪና የተሰበረበት ሰው ጋራዥ ፍለጋ ወዴትም አይዞርም። እንግዲህ ይህን የመሰለ መንገድ ያሰበ ሰው መኪናውን እንዴት አድርጎ ማሰናዳት እንዳለበት ቀድመው የሄዱትን ቢጠይቅ የሚያስነቅፈው አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው መልሱ ሲመጣ ነው።

አንደኛው፣ «አሮጌ መኪና ግዛ፤ ኮምፒዩተር የሌለበት፣ መዶሻና መፍቻ ብቻ የያዘ የመንደር መካኒክ ሊጠግነው የሚችል ይሁን» ይላል። ሁለተኛው፣ «ሠላሳ ዓመት የሠራ ብረት ደክሟል፤ ፍሬኑ የተሻለ፣ በግጭት ጊዜ ሰውን የሚጠብቅ አዲስ መኪና ግዛ» ይላል። ሦስተኛው፣ «የናፍጣ ሞተር ይሁን፤ በአንድ ሊትር ከቤንዚን ይልቅ ሩቅ ያደርሳል» ሲል፣ አራተኛው፣ «የዛሬ የናፍጣ ሞተር ንጹሕ ነዳጅ ካላገኘ ይታመማል፤ ድኝ የበዛበት ናፍጣ የጢስ ማጣሪያውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ቤንዚን ይሻልሃል» ብሎ ያፈርስበታል። አምስተኛው መኪናውን ከፍ አድርጎ ትልቅ ጎማ መግጠምን ያዛል፤ ስድስተኛው ደግሞ ከፍ ያለ መኪና በቀላሉ እንደሚገለበጥ፣ ትልቅ ጎማም ነዳጅ እንደሚበላና ፍሬን እንደሚያደክም ያስጠነቅቃል። ሰባተኛው ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልትና ከጭቃ የሚያወጣ ጎታች ሽቦ ካልተገጠመለት መኪናው መኪና አይደለም ይላል። ስምንተኛው፣ «ፋብሪካው እንደ ሠራው ይዘኸው ሂድ፤ ከፋብሪካው መሐንዲሶች አንተ አትበልጥም» ይላል። ሁሉም ምስክር አላቸው፤ ሁሉም ሄደው ተመልሰዋል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከእነዚህ መካከል እውነቱን የሚናገር የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ነገር ግን የሚበዙት እውነቱን ይናገራሉ። የመንደር መካኒክ ባለበት፣ ፋብሪካው ግን ወኪል በሌለበት አገር ያለፈ ሰው አሮጌ መኪና ቢያመሰግን ልክ ነው። ጥሩ ጋራዥ ባለበት አገር፣ በአስፋልት ላይ በፍጥነት የሚሄድ ሰው ደግሞ አዲሱን ቢመርጥ ልክ ነው። ሁለቱ የሚጣሉ የሚመስሉት ስለ መኪና የሚነጋገሩ መስሏቸው ስለ መንገድ ስለሚነጋገሩ ነው፤ መንገዶቻቸው ደግሞ አንድ አይደሉም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ይሠራል። የምክር ሥሩ መካሪው የሄደበት መንገድ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም፤ መንገድ ራሱ ይለወጣል። ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ኬንያ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዘመን ባሌስትራ በመስበር የታወቀ ነበር። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርድ መንገደኛ ከኢትዮጵያ ሲወጣ የሚፈራው እርሱን ነበር። በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው «ባሌስትራህን ሳታጠነክር ከቤትህ አትነሣ» ቢል ከልቡ ነው። ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) መንገዱ በሙሉ አስፋልት ለበሰ። መካሪው አልዋሸም፤ ምክሩም ያው ነው፤ መንገዱ ግን ከምክሩ ሥር ወጥቶ ሄዷል። ስለዚህ ምክር የሚቀበል ሰው «ይህ ሰው የት ሄደ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «መቼ ሄደ?» ብሎም ሊጠይቅ ይገባዋል።

መካሪው ከመንገዱ ጋር ፍርሃቱንም አብሮ ይሰጣል። በበረሃ ውሃ ያለቀበት ሰው ስለ ውሃ በርሜል ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ መኪናው የተገለበጠበት ሰው ከፍታን ይጠላል፤ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ያደረ ሰው ጎታች ሽቦን እንደ ጠበል ያያል። እነዚህ ሰዎች የሚያሳዩት ጠባሳቸውን ነው። ጠባሳ የተከበረ ምስክር ነው፤ ነገር ግን የኔ ጠባሳ ያንተ ቁስል በየት በኩል እንደሚሆን አያሳይም። ከፍርሃት በቀር ደግሞ ሌላ የተሸሸገ ነገር አለ። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አንድ ዕቃ የገጠመ ሰው ዕቃው አላስፈለገኝም ብሎ መናገር ራሱን መክሰስ ስለሚመስለው ሳያውቀው ጠበቃ ሆኖ ይቆምለታል። እንዲህ ያለው ሰው ሲመክር አታላይ አይደለም፤ ነገር ግን ነፃም አይደለም።

እነሆ፣ የሁሉን ምክር ለመፈጸም የተነሣ ደግ ሰው ምን እንደሚደርስበት በቁጥር እንመልከት። ብዙዎቹ መካከለኛ ፒክአፖች ሰውንም ዕቃንም ጨምረው እንዲሸከሙ የተፈቀደላቸው እንደ ዓይነታቸው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ያህል ነው። ከፍተኛውን እንውሰድና ለምሳሌ ያህል እንደምር። ከኋላ የሚጫነው የመኝታ ቤት 300 ኪሎ ይሁን፤ የብረት ፓራውልቱና ጎታቹ 110፤ መደርደሪያውና መሳቢያው 70፤ 100 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ 84 ያህል፤ 80 ሊትር ውሃ 80፤ ማቀዝቀዣውና ባትሪዎቹ 100፤ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክና የጥገና ዕቃ 100፤ ባልና ሚስት 150። ድምሩ 994 ኪሎ ነው። ገና ዱቄት አልተጫነም፤ ብርድ ልብስ አልገባም፤ ልጅ ቢኖር ለልጁ ክብደት የቀረው 6 ኪሎ ብቻ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች ግን አንዱን እንኳ ለይቶ «ይህ ከንቱ ነው» ማለት ያስቸግራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን? ሃምሳ መካሪዎች አንድ አንድ ሎሚ ቢሰጡ ለሰጪዎቹ ጌጥ ነው፤ ሃምሳውን ይዞ የሚሄደው ግን አንድ መኪና ነው።

ከልክ ያለፈ ጭነት የሚያደርሰውን ጉዳት የአውስትራሊያ በረሃ በግልጽ አሳይቷል። ከኋላ ጎማ አልፎ የሚንጠለጠል ክብደት እንደ ዘንግ ጫፍ ሆኖ ሻንሲውን ይጫነዋል፤ መኪናው በጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥርም ጫናው ይባዛል። ሻንሲያቸው ከጋቢናው ጀርባ እንደ ቀስት የታጠፈባቸው ፒክአፖች ጥቂት አይደሉም። ከዚህም የሚያስደንቀው ባለቤቶቹ ቀድመው የሚያደርጉት ነገር ነው። መኪናው ከበስተኋላው ዝቅ ማለቱን ያየ ሰው ጭነቱን በማራገፍ ፈንታ ብዙ ጊዜ በሻንሲውና በኋላ አክስሉ መካከል በአየር የሚነፋ ከረጢት ያስገባል። ከረጢቱ ሲነፋ መኪናው ቀና ይላል፤ ላየው ሰው ሁሉ ደኅና ይመስላል። ክብደቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም። ቀድሞ ባሌስትራው በሁለት ጫፎቹ ከፍሎ ለሻንሲው ያደርሰው የነበረው ጫና አሁን በአንድ ስፍራ ላይ ይከመራል፤ ሻንሲውም የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ዝቅ ማለቱ የማስጠንቀቂያ ቃል ነበር፤ ባለቤቱ ግን ቃሉን ዝም አሰኘውና ሸክሙን አቆየው። ሰው በኑሮው ይህን የመሰለ ከረጢት ስንት ጊዜ እንደሚነፋ አንባቢ ራሱ ያስብ። ዕዳው የከበደበት ሰው ሌላ ብድር ወስዶ ደኅና ይመስላል፤ ሥራ የበዛበት ሰው እንቅልፉን ቀንሶ ቀና ይላል።

መኪና ከመሠራቱ በፊትም ይኸው ነገር ደርሶ ነበር። በነሐሴ 20 ቀን 1860 ሮበርት ኦሃራ በርክ የሚባል የፖሊስ መኮንን አውስትራሊያን ከደቡብ እስከ ሰሜን ለማቋረጥ ከሜልቦርን ከተማ ተነሣ። ከእርሱ ጋር 19 ሰዎች፣ ከ20 የሚበልጡ ግመሎችና ፈረሶች፣ ስድስት ጋሪዎች፣ 20 ቶን ያህል ዕቃ ነበሩ። ጉዞውን ያሰናዳው የተማሩ ሰዎች ኮሚቴ ምንም ነገር እንዳይጎድል ስለ ፈለገ፣ ከዕቃው መካከል ከባድ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ፣ ለምልክት የሚተኮስ ርችትና የቻይና ደወል ሳይቀር ተጭኖ ነበር። አንዱ ጋሪ ገና ከመነሻው መናፈሻ ሳይወጣ ተሰበረ፤ በመጀመሪያው ሌሊት ካረፉበት ስፍራ ሲደርሱም ሌሎች ሁለት ተሰብረዋል፤ የተጓዙት መንገድ ግን ጥቂት ብቻ ነበር። በርክ በኋላ ጭነቱ ሲያዘገየው ጓዙንም ሰዎቹንም በየስፍራው እየከፋፈለ ሄደ። በመጨረሻም ከሦስት ሰዎች ጋር የሦስት ወር ያህል ስንቅ ብቻ ይዞ ከኩፐር ወንዝ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ጉዞው ከአራት ወር በላይ ወሰደ። ሚያዝያ 21 ቀን 1861 ማታ ተዳክመው ወደ ወንዙ ሲመለሱ፣ ሲጠብቋቸው የነበሩት ሰዎች በዚያው ዕለት ጧት ተነሥተው ሄደው ነበር። ከአራቱ አንዱ በመመለሻው መንገድ ሞቶ ነበር፤ በርክና ጓደኛው ዊሊያም ጆን ዊልስም በዚያው ዓመት ከዚያው ወንዝ አጠገብ ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች አንድ ላይ ይታያሉ። ሲነሡ የማያስፈልገው ሁሉ ነበራቸው፤ ሲጨርሱ የሚያስፈልገው ጎደላቸው። ነገሩ የተለያየ ቢመስልም ምንጩ አንድ ነው። መጀመሪያ ጭነቱን የለካው ፍርሃት ነበር፤ በኋላ የለካው ጥድፊያ ነው፤ መንገዱ ራሱ ግን በትክክል የለካበት ጊዜ አልነበረም።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሰው አለ። ራልፍ ባግኖልድ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር በግብፅና በሊቢያ መካከል ያለውን የአሸዋ ባሕር በፎርድ መኪናዎች ያስስ ነበር። ያን ጊዜ መኪና ያን አሸዋ ይሻገራል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ባግኖልድ ከመጨመር ይልቅ መቀነስን ጀመረ፤ ለጉዞው የማይጠቅመውን ክፍል ከመኪናው አወለቀ። አሸዋው እንዳይውጠው የጎማውን አየር ቀነሰ፤ የሚፈላው የራዲያተር ውሃ በእንፋሎት እንዳይባክን መልሶ የሚያጠራቅምበት መላ አበጀ፤ የተቀበረ ጎማ የሚወጣበት የብረት ንጣፍም ያዘ። በ1940 በጦርነቱ ጊዜ ረጅሙን በረሃ የሚያስስ የጦር ክፍል በካይሮ ሲያቋቁም ለካሚዮኖቹ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በራቸውንና የፊት መስታወታቸውን አወለቀ፤ ብዙ ውሃና ነዳጅ ይጭኑ ዘንድ ግድ ስለሆነ ግን ባሌስትራቸውን አጠነከረ። እዚህ ላይ አስተውሉ፤ ባግኖልድ የመቀነስ ወገን ወይም የመጨመር ወገን አልነበረም። በሩን ያወለቀውና ባሌስትራውን ያጠነከረው በአንድ ጥያቄ መሪነት ነው፤ ይኸውም «ይህ መንገድ ምን ይጠይቃል?» የሚለው ነው።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «የጎደለ ነገር ይገድላል፤ የተረፈ ግን ነዳጅ ብቻ ያስከፍላል፤ ስለዚህ አብዝቶ መያዝ ይሻላል» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በእውነትም ስለ ውሃ ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን የተረፈው ብረት የሚያስከፍለው ነዳጅ ብቻ እንዳልሆነ የታጠፈው ሻንሲ አሳይቶናል። ደግሞም ሸክሙ ሲበዛ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚቀንሰው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። በብሎን የታሰረውን ብረት አይፈታም፤ የሚቀንሰው ውሃውንና ስንቁን ነው፤ እነርሱን ማውረድ ይቀላልና። ስለዚህ ከንቱው ከሚያስፈልገው አጠገብ በሰላም አይቀመጥም፤ ቀስ በቀስ ገፍቶ ያስወጣዋል።

እንግዲያውስ የመካሪዎቹን ጠብ ትተን ስምምነታቸውን ብንፈልግ ምን እናገኛለን? አሮጌ መኪና የሚያመሰግነውም አዲስ የሚያመሰግነውም፣ የናፍጣውም የቤንዚኑም ወገን በሦስት ነገር አይለያዩም። በቂ ውሃ ያዝ፤ በየት በኩል እንደምትሄድና መቼ እንደምትደርስ ለሚጠባበቅህ ሰው ተናገር፤ መኪናህ በበረሃ ቢሰበር ትተኸው በእግርህ አትሂድ፤ ምክንያቱም ፈላጊዎች ከሚንከራተት ሰው ይልቅ የቆመ መኪናን በቶሎ ያያሉ። ጠቡ ስለ ብረት ነው፤ ስምምነቱ ስለ ነፍስ ነው። ሰው ግን ጠብ ስለሚያጓጓው ስምምነቱን ሳይሰማ ያልፋል፤ ለፓራውልቱ ወር ሙሉ የተከራከረ ሰው የሚደርስበትን ቀን ለወንድሙ ሳይነግር ይነሣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የሁሉን ምክር መፈጸም ከውጭ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ውስጡ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ከኃላፊነት መሸሽ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መኪናው ቢሰበር «እኔ የነገሩኝን ሁሉ አድርጌአለሁ» ለማለት ይፈልጋል። ይህ ቃል በከተማ፣ በወዳጆች መካከል ያጽናና ይሆናል፤ በረሃ ላይ ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ አይሆንም። መካሪዎቹ ከእርሱ ጋር አልተሳፈሩም፤ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ናቸው። የተሳፈሩት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ እነርሱም ፈቅደው የተሳፈሩት ሃምሳውን መካሪ አምነው ሳይሆን እርሱን አምነው ነው። ፈላጊ ሆነው ወደ በረሃ የሚወጡትም ሰዎች ነፍሳቸውን የሚያስይዙት በእርሱ ውሳኔ ምክንያት ነው። ስለዚህ መርጦ ሌላውን መተው መካሪን ማዋረድ አይደለም፤ ለተሳፋሪው የሚከፈል ዕዳ ነው።

መካሪም የበኩሉ ግዴታ አለበት። «እንዲህ አድርግ» ብሎ ከመዝጋት ይልቅ «እኔ በዚህ ዓመት፣ በዚህ መንገድ፣ ይህን ያህል ጭነት ይዤ ሄድሁ፤ ያገኘኝም ይህ ነው» ቢል ምክሩ ሕግ መሆኑ ይቀርና ምስክርነት ይሆናል። ሕግ ሰሚውን ያስገድዳል፤ ምስክርነት ግን እንዲፈርድ ያስችለዋል። ከመካሪዎችም ሁሉ በፊት የአገሩ ባለቤት ይጠየቅ። ከበርክ ጓዶች ወደ ወንዙ ከተመለሱት ሦስት ሰዎች መካከል የተረፈው ጆን ኪንግ ብቻ ነው፤ የተረፈውም ከሜልቦርን በተጫነው ዕቃ አልነበረም። ያንድሩዋንድሃ የሚባሉት የዚያ ምድር ሰዎች ከእነርሱ ጋር አኑረው ስለ መገቡት በመስከረም 1861 ፈላጊዎች በሕይወት አገኙት። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ያሉት አባቶች ይህን የመሰለውን ነገር ዐውቀው ነው። ኮሚቴው 20 ቶን ሲያሰናዳ በዚያ ወንዝ ዳር በጥቂቱ ጠግበው የሚኖሩ ሰዎችን ዕውቀት ከስንቅ አልቆጠረውም።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስለ አንድ የመኪና ዓይነት ቢሆንም፣ ቤት የሚሠራ፣ ትዳር የሚይዝ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው ሁሉ በዚሁ ሸንጎ ፊት ይቆማል። እርሱንም ከግራና ከቀኝ ደጋግ ሰዎች ይመክሩታል፤ እያንዳንዱም አንድ አንድ ሎሚ ያስይዘዋል። ሎሚውን በአክብሮት ይቀበል፤ ይመልከተው፤ ከየትኛው ዛፍ እንደተቀጠፈም ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሄድበትን መንገድ አስቦ፣ መኪናውን በሚዛን ላይ አቁሞ፣ የሚጭነውን ይጫን፤ የቀረውንም ለሰጪው አመስግኖ በቤቱ ይተው።